«ምርመራ»ና «ምርምር»፤ የሕክምና ምርምር በሚናገረው አማርኛ ላይ የቀረበ ሒስ

በሕክምናና በኅብረተሰብ ጤና የትምህርት ክፍሎች የሚቀርቡት የመመረቂያ ጽሑፎች የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ከአባሪዎቻቸው መካከል ግን ጥቂት የአማርኛ ገጾች አይታጡም፤ አንደኛው ጥናቱን የሚያስረዳ ጽሑፍ፣ ሁለተኛው የስምምነት ቅጽ፣ ሦስተኛው መጠይቅ ነው። ከመላው ድርሳን ውስጥ ደሙን ወይም አክታውን የሚሰጠው ሰው በጆሮው የሚሰማው እነዚህን ገጾች ብቻ ነው። ፈታኞች ስለ ስታትስቲክሱ አጥብቀው ይጠይቃሉ፤ የእንግሊዝኛውን ሰዋስው ያርማሉ፤ በአማርኛው ላይ ጥያቄ ሲያነሡ ግን እምብዛም አይሰማም። ይህ ጽሑፍ ያን የተዘነጋ አማርኛ ራሱን እንደ ቻለ የጽሑፍ ዓይነት ቆጥሮ ይሔሰዋል፤ ምርምሩን የሚደግፉ ማሠልጠኛዎችና ተቋሞች ስለ ቋንቋው ምን ያህል እንደ ተጨነቁም ይጠይቃል።

አገሪቱ ለሕክምና ምርምር ሕንጻና መሣሪያ፣ መምህርና ሠልጣኝ ማዘጋጀት ከጀመረች ሰባ ዓመት አልፏታል። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዘመኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በ1950ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። በ1954 የጎንደር የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። በ1965 የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማእከሉ አለርት፣ በ1966 በአክሊሉ ለማ መሪነት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በ1970 ደግሞ በአለርት አጠገብ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተከተሉ። እነዚህ ተቋሞች ለአማርኛ ምንም አላበረከቱም ማለት አይቻልም። የጎንደሩ ማሠልጠኛ ያወጣው «ጤና መኮንን» የሚለው ስያሜ እስከ ገጠር ድረስ የዘለቀ፣ ማንም ሳይተረጕምለት የሚረዳው ጥሩ አማርኛ ነው። በዚያው ግቢ አብሮት የሠለጠነው «ሳኒተሪያን» ግን እስከ መጨረሻው በባዕድ ስሙ ቀረ። ስም የማውጣቱ ሥራ ለዕድል የተተወ እንደ ነበረ ከዚህ ይታያል።

ወደ ዋናው ነገር እንለፍ። «ምርመራ» እና «ምርምር» ሁለቱም «መረመረ» ከሚለው ግሥ የወጡ ናቸው። የመጀመሪያው «ብርበራ»ን የመሰለ ቅርጽ ሲኖረው ድርጊቱን ያመለክታል፤ ሁለተኛው «ዝርዝር»ን ይመስላል። የተማረው ሰው ልዩነታቸውን በሚገባ ያውቃል። «ምርመራ» ሐኪም በበሽተኛ፣ ፖሊስ በተጠርጣሪ፣ ኦዲተር በሒሳብ ላይ የሚያደርገው ነው፤ «ምርምር» ደግሞ ሊቃውንት ዕውቀት ለመሻት የሚያደርጉት ነው። ይህ ልዩነት የቆመው ግን በስሙ ላይ ብቻ ነው። ንግግሩ ወደ ግሥ በተመለሰ ጊዜ ይፈርሳል፤ «ደምዎ ይመረመራል» ሲባል የትኛው እንደ ተፈለገ ከዐረፍተ ነገሩ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው፣ በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ፣ መርፌ ይዞ «ደምዎ ይመረመራል» ሲል ሰሚው የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ በሽታው ታውቆ መድኃኒት እንዲታዘዝለት።

አንድ ሰው በምርምር ውስጥ ገብቶ ሳለ ለራሱ ሕክምና የሚደረግለት መስሎት መሳሳቱ በየትም አገር የሚታይ ነው። አሜሪካውያን የሥነ አእምሮ ሊቃውንት በ1982 ለዚህ ስሕተት ስም አውጥተውለታል፤ በእኛ ቋንቋ «የሕክምና ይሆናል መሳሳት» ብንለው ያስኬዳል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በእንግሊዝኛ የሐኪም ምርመራና የሊቃውንት ምርምር ሥራቸውም ድምፃቸውም የተለያዩ ሁለት ቃላት መሆናቸው ነው፤ እንደዚያም ሆኖ በሽተኛው ይሳሳታል። በአማርኛ ግን ቃሉ ራሱ ስሕተቱን ያግዛል። ከምርምሩ የሚገኝ ውጤት ለእርሱ እንደማይነገረው ያላወቀ ሰው ውጤቱን ሲጠብቅ ይከርማል፤ ባይነገረው «ምንም አልተገኘብኝም» ብሎ ይደመድምና ወደ ሐኪም መሄዱን ይተወዋል። ጉዳቱ የቋንቋ ብቻ ሆኖ የማይቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ችግር መድኃኒት ተብሎ በየጥናቱ የሚጠቀሰው የግልባጭ ትርጉም ነው፤ ይኸውም እንግሊዝኛው ወደ አማርኛ ከተተረጐመ በኋላ ሌላ ሰው አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ሁለቱ እንግሊዝኛዎች የሚነጻጸሩበት ዘዴ ነው። ዘዴው ለመጠይቅ ብዙ ጥቅም አለው። ለያዝነው ጉዳይ ግን ጉድለቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያወጣውም። ምክንያቱም መልሶ የሚተረጕመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያው የሞያው ሰው ነውና «ደምዎ ይመረመራል» የሚለውን ሲያይ ነገሩ ስለ ጥናት መሆኑን አስቀድሞ ስለሚያውቅ የጥናቱን ቃል ያስቀምጣል። እንግሊዝኛው ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል፤ ኮሚቴው ይረካል፤ አማርኛው ግን እንደ ተምታታ ይቀራል። ጽሑፉ መፈተን ያለበት በሰሚው ነው። ከተነበበለት በኋላ «እንግዲህ ደምዎን ምን ያደርጉታል?» ተብሎ ይጠየቅና በራሱ ቃል ይመልስ።

አንዳንድ አዘጋጆች «ምርምር»ን ትተው «ጥናት» በማለት ከችግሩ ለመውጣት ሞክረዋል። በእኔ አስተያየት የተሻለ ነው፤ ከነቀፋ ግን ነጻ አይደለም። «ጥናት» ለገበሬው በመጀመሪያ የሚያስታውሰው የተማሪ ልጁን የማታ ንባብ ነው። ከዚህም ሌላ «አጠና» ሌባ ቤቱን ከመስበሩ በፊት የሚያደርገውም ነው፤ «ሊያጠኑን መጡ» የሚለው ንግግር ምን ያህል ጥርጣሬ እንደሚሸከም አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቀዋል። ቢሆንም ከምርመራው ጋር ከመደባለቅ ይሻላል። ስለዚህ «መረመረ» የሚለው ግሥ ውጤቱ ለበሽተኛው ተመልሶ ለሚነገር ሥራ ብቻ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ለሌላው «ለጥናት እንጠቀምበታለን» ወይም «ስለ በሽታው ለማወቅ እንጠቀምበታለን» ይባል።

«ቤተ ሙከራ» የሚለውን ብዙዎች እንደ አካዳሚያዊ ስያሜ ድል ይቈጥሩታል። አገነባቡ እንደ «ቤተ መጻሕፍት» የሰመረ ነው፤ በተማሪ መጽሐፍም ቦታውን ይዟል። በጤና ጣቢያ ግን ሰው ሁሉ «ላብራቶሪ» ነው የሚለው፤ ለዚህም ምክንያት አለው። ተማሪው በቤተ ሙከራ ውስጥ ይሞክራል። የበሽተኛው ደም ግን ወደ ላብራቶሪ የሚሄደው ሊሞከርበት ሳይሆን ሊመረመር ነው። ስለዚህ «ደምዎ ወደ ቤተ ሙከራ ይላካል» የሚል ቅጽ ሰሚውን ቢያስበረግገው የሚደንቅ አይሆንም። በአንጻሩ አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ በሚፈተንበት ጊዜ፣ ሙከራ መሆኑ በግልጽ መነገር ሲኖርበት፣ ቅጾቻችን «አዲስ ሕክምና» እያሉ ያለሰልሱታል። ቃሉ በሚያስፈልግበት ቦታ ታጥቶ በማያስፈልግበት ተገኝቷል።

«ስምምነት» የሚለውን ሥር ብንመለከት ደስ ይላል፤ «ተስማማ» ከ«ሰማ» ጋር ዘመድ ነው፣ ሁለት ሰዎች ተሰማሙ ለማለት። በዛሬው አማርኛ ግን ስምምነት የውል ጓደኛ ነው፤ ከተፈረመ በኋላ ማፍረሱ ነውር ነው፣ ያስከስሳልም። ቅጹ ከታች «በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ» ቢልም አርእስቱ የሚናገረው ተቃራኒውን ነው። «ፈቃድ» ይሻላል። ፈቃድን የሚሰጠው የነገሩ ባለቤት ነው፤ የሰጠውን ፈቃድ መልሶ ቢነሣ ማንም «ውል አፈረሰ» አይለውም።

በአንድ ነገር ግን አማርኛው ቀድሞ ተገኝቷል። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1964 ያወጣው የሄልሲንኪ መግለጫ ለስድሳ ዓመት ያህል ምርምር የሚደረግባቸውን ሰዎች የሚጠራው በተገዢነት ወይም በተጠኚነት በሚተረጐም ቃል ነበር፤ «ተሳታፊ» ወደሚለው የተለወጠው በ2024 በተደረገው ማሻሻያ ነው። የእኛ ቅጾች ግን ከዚያ በፊት ብዙ ዘመን «የጥናቱ ተሳታፊ» ሲሉ ኖረዋል። ይሁንና ለዚህ ቀዳሚነት ሙሉ ምስጋና መስጠት ያስቸግራል። «ተሳተፈ» ማለት ድርሻ ያዘ፣ ተካፈለ ማለት ነው። በዕቅዱ ላይ ያልተጠየቀ፣ ውጤቱ ያልደረሰው ሰው ምኑን ተካፈለ? ቃሉ ከሥራው ቀድሞ ሄዷል፤ ሥራው እንዲደርስበት መጠየቅ እንጂ ቃሉን ወደ ኋላ መመለስ አይገባም።

ከሁሉም በላይ ሰፊ ሐተታ የሚገባው «ዘር» ነው። የእግር እብጠት የሚያመጣውና በቀይ ሸክላ አፈር ላይ ያለ ጫማ ለብዙ ዓመት ከመሄድ የሚነሣው በሽታ በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ በሠራው ኧርነስት ፕራይስ በተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም «ፖዶኮኒዮሲስ» ተብሎ ተሰየመ፤ እግርንና አቧራን ከሚያመለክቱ የግሪክ ቃላት የተጣመረ ነው። ስሙ ራሱ በሽታውን ያስረዳል፤ ለግሪክ ዐዋቂ ማለት ነው። አማርኛው «ዝሆኔ» የሚለው ግን እግሩ የሚመስለውን ይናገራል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም፤ በትንኝ የሚተላለፈውንም የእግር እብጠት ያው «ዝሆኔ» ይለዋል። አንዱ ጫማ በማድረግ፣ ሌላው ከትንኝ በመጠበቅና በመድኃኒት የሚከላከሉት በመሆናቸው መደባለቃቸው ዋጋ ያስከፍላል። «የአፈር ዝሆኔ» እና «የትንኝ ዝሆኔ» ብሎ መለየት ቀላል ነበር፤ ሕዝቡ የያዘውን ስም ሳይቀማ ልዩነቱን ይጨምርለታል።

በወላይታ የተደረገው የዚህ በሽታ ጥናት በብዙ ረገድ ምሳሌ የሚሆን ነው። በሽታው በቤተሰብ ውስጥ እየተደጋገመ የሚታይ በመሆኑ ተመራማሪዎቹ የሰውነትን ተፈጥሮ ምክንያት ለማወቅ ፈለጉ፤ ውጤቱም በ2012 ታትሞ ከሰውነት መከላከያ ጋር ከተያያዙ ዘረ መሎች ጋር ዝምድና እንዳለው አሳየ። ከዋናው ሥራ በፊት ግን ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ፈቃድ የመጠየቁን ሥራ ራሱን አጥንተው በ2009 አሳተሙ። ከጥናቱ የተገኘው ዋና ነገር በሽታው የሚያስከትለው መገለል ሰዎች ለመሳተፍ በሚሰጡት ውሳኔ ላይ ጥላውን የሚጥል መሆኑ ነው። ጥናቱ በሽታው ከዘር ጋር የተያያዘ ነው ካለ ቤተሰቡ በሙሉ ሊታማ፣ ልጆቹም ሊያገባቸው የሚፈልግ ሊያጡ ነው።

እንግዲህ በአማርኛ «ዘር» ምን ምን ይሸከማል? የሚዘራውን፣ የተወላጅን ሐረግ፣ ጎሣን፣ የሰው ልጅ የሚከፋፈልበትን ነገድ ሁሉ። «የዘር ምርምር» የሚለው ሐረግ ዛሬ በኢትዮጵያ በማንኛውም ገበያ ቢነገር ማን ምን እንደሚመስለው ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። «ዘረ መል» የሚለው ስያሜ በትምህርት ቤት ተለምዷል፤ ጥሩም ነው። ነገር ግን በትምህርት ቤት ያላለፈ ጆሮ የሚይዘው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት በፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ላይ ስያሜው ጨርሶ ባይገባ ይሻላል። «ሁለት ሰዎች በአንድ አፈር ላይ ባዶ እግራቸውን ሄደው አንዱ ሲታመም ሌላው የማይታመምበትን ምክንያት በደም ውስጥ እንፈልጋለን» ማለት ረዘም ይላል፤ ግን አያሳፍርም፣ አያስፈራም፣ እውነትም ነው። ስያሜ ለባለሞያዎች እርስ በርስ መነጋገሪያ ነው። ለሰሚው ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል።

አንድ ተጨማሪ ነገር እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል። በብዙ አካባቢ አማርኛው ድልድይ እንጂ መድረሻ አይደለም። ጠያቂው የአማርኛውን ቅጽ በእጁ ይዞ በአካባቢው ቋንቋ በቃሉ ይተረጕማል። የአማርኛው ብዥታ እንግዲህ ወደ ሌላው ቋንቋ ሲሻገር ተርጓሚው በገባው መንገድ አንዱን ፍች መርጦ ያስተላልፈዋል፤ የትኛውን እንደ መረጠም በወረቀት ላይ አይገኝም።

«ናሙና» በመሠረቱ የነጋዴ ቃል ነው፤ ገዢው ከጆንያው ተቈንጥሮ የሚያየው እህል ነው። በቅጾቻችን ላይ ሁለት ሥራ ይሠራል። ሰውዬው ራሱ «ናሙና ሆነው ተመርጠዋል» ይባላል፤ ከሁለት መስመር በኋላ ደግሞ «ናሙና ይሰጣሉ» ይባላል። የመጀመሪያው የስታትስቲክስ ነው፤ ይቈይ። ሁለተኛው ግን ስያሜ አያስፈልገውም፤ ደም ከሆነ «ደም»፣ አክታ ከሆነ «አክታ»፣ ሰገራ ከሆነ «ሰገራ» ይባል። ሐኪሞቻችን ስለ ሰገራ በግልጽ መናገር የሚያሳፍራቸው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ይልቅስ ስያሜ የሚያስፈልገው ደሙ ለወደፊት ጥናት ለዓመታት የሚቀመጥበት ቦታ ነው። «የናሙና ባንክ» የሚለው «የደም ባንክ»ን ስለሚያስታውስ ሰጪው ደሙ ለወላድ እናት ወይም ለቈሰለ ሰው የሚደርስ ይመስለዋል። «የናሙና ግምጃ ቤት» ቢባል፣ ግምጃ ቤት የተቈጠረ ነገር የሚገባበት፣ በፊርማ የሚወጣበት፣ ኃላፊም ያለው በመሆኑ ትክክለኛውን ሐሳብ ይሰጣል።

ደሙ መጨረሻው ምን እንደሚሆን አጥርቶ መናገር ለአማርኛ ተናጋሪ ቀላል ጉዳይ አለመሆኑን በ1996 በእስራኤል የሆነው ያስታውሰናል። ቤተ እስራኤላውያን የለገሱትን ደም የደም ባንኩ ሳይነግራቸው ሲደፋ መኖሩ በተገለጠ ጊዜ በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ታላቅ የተቃውሞ ሰልፍ ተደርጓል። በእኛ ቅጾች ላይ «ቀሪው ናሙና በአግባቡ ይወገዳል» የሚለው ሐረግ እንደ ተራ ነገር ይነበባል። ለሰጪው ግን የሚወገደው ደሙ ነው፤ መቼና እንዴት የሚለው ሊነገረው ይገባል።

አሁን ወደ ማሠልጠኛዎቹ ልመለስ። «ሥልጠና» የሚለው ቃል በመሥሪያ ቤት አማርኛ ውስጥ እጅግ ደክሟል። በሆቴል አዳራሽ ውሎ አበል የሚከፈልበት የሦስት ቀን ስብሰባም ሥልጠና ነው፤ በአርማወር ሐንሰን ቤተ ምርምር አራት ዓመት ተቀምጦ የዶክትሬት ማዕረግ የሚያገኘው ወጣት የሚያልፍበትም ሥልጠና ነው። ከዚህ የተነሣ «ይህን ያህል ተመራማሪዎች ሠለጠኑ» የሚል ዘገባ ምን ያህል ሥራ እንደ ተሠራ አይነግረንም። «ትምህርት»፣ «ልምምድ» እና «ሥልጠና» ተለይተው ቢገቡ ቋንቋውም ዘገባውም ይስተካከላሉ። «ግብዓት» ደግሞ ከማዳበሪያና ከምርጥ ዘር ጋር የመጣ የእርሻ ሚኒስቴር ቃል ነው፤ ለኬሚካልና ለጓንት ያገለግላል፣ ተሠርቶበት ያልቃልና። ጥልቅ ማቀዝቀዣውን፣ የተጠራቀመውን ማስረጃ፣ የሠለጠነውን ሰው «ሀብት» ማለት ይሻላል። ከሰው የተወሰደውን ደም በ«ግብዓት» ስር መመዝገብ ግን ለጆሮም ይከብዳል።

ገንዘቡ የሚሄድበትን መመልከት ያስተምራል። በ2010 የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋምና የእንግሊዙ ዌልካም ትረስት ይፋ ያደረጉትና በ2022 የተፈጸመው የአፍሪካውያን የዘረ መል ጥናት መርሐ ግብር በናይጄሪያ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ የናሙና ግምጃ ቤቶች አቋቁሟል፤ ማእከሉ ኬፕ ታውን በሆነ መረብ አማካይነትም ብዙ ወጣቶችን የኮምፒዩተር ትንተና አስተምሯል። ፈቃድ ስለ መጠየቅም መመሪያ እስከ ማውጣት ደርሷል። መመሪያው የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ቃላቱን በየአገሩ ቋንቋ የማግኘቱ ዕዳ የወደቀው በየጥናቱ ላይ በተቀጠረው ተርጓሚ ላይ ነው። በአገራችንም ቢሆን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር በ2014 ባወጣው የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያ ቅጹ ሰሚው በሚገባው ቋንቋ መቅረብ እንዳለበት ተደንግጓል። በምን ቃላት የሚለውን ግን መመሪያ ሊመልሰው አይችልም።

ለዚያ የሚሆን ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ነበር። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የብዙ ዓመት ድካም ውጤት ነው፤ በውስጡ ያለፈ ሁሉ ሊመሰገን ይገባል። ነቀፋዬ በዘዴው ላይ ነው። ዘዴው የእንግሊዝኛውን ቃል በራስጌ አስቀምጦ አቻ አማርኛ መፈለግ ነበር፤ ይህ ለመማሪያ መጽሐፍ ይበቃል። «መረመረ» የሚለው ግሥ በጤና ጣቢያ በር ላይ የሚፈጥረው ብዥታ ግን በእንዲህ ያለ መዝገብ ውስጥ ሊታይ አይችልም፤ ምክንያቱም ችግሩ በሁለት አማርኛ ቃላት መካከል ነው፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ መካከል አይደለም። የሚቀጥለው መዝገብ ከአማርኛው ቢነሣ፣ ከእያንዳንዱ ቃል ጎን ሰሚው የሚረዳውን ፍች ቢያሰፍር፣ መደባለቅ ባለበትም ተርጓሚውን ቢያስጠነቅቅ የተሻለ ያገለግላል።

አቅጣጫው ወደዚያ ብቻ አይደለም፤ አማርኛም ለሳይንስ ሰጥቷል። አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ካየ በኋላ «እንዶድ» የሚለው ስም ሳይተረጐም በዓለም የሳይንስ መጽሔቶች ገባ፤ ከተክሉ የተገኘው ንጥረ ነገርም በእርሱ ስም «ለማቶክሲን» ተባለ። ልብስ አጣቢዎቹ ለዚህ ጥናት «ፈቃድ» አልተጠየቁም፤ የሚጠየቁበትም ምክንያት አልነበረም። ቃላቸው ግን እንዳለ ተወሰደ፤ ጥናቱም በዚህ አልተጎዳም።

በመጨረሻ ስለ ዐረፍተ ነገር አሠራር ጥቂት ልበል። በቅጾቻችን «በዚህ ጥናት ውስጥ ያለመሳተፍ መብትዎ ሙሉ በሙሉ የተጠበቀ ነው» የሚል ዓይነት አነጋገር ተለምዷል። ጠባቂው ማን ነው? እንዲህ ያለው አነጋገር የሕግ አንቀጽ ስለሚመስል ሰሚው ያከብረዋል እንጂ አይጠቀምበትም። «ካልፈለጉ ይተዉት፤ ሕክምናዎ አይቀርብዎትም» ቢባል ያው ነው፣ ሰውም ይገባዋል። ደሙን የሚወስደውም ሰው በግሡ ውስጥ ይታይ፤ «ይወሰዳል» ከማለት «እንወስዳለን» ይባል። ወረቀቱ «እርስዎ» ቢልም ጎጃም ላይ ለሽማግሌ የሚያነብ ጠያቂ «አንቱ» ማለቱ አይቀርም፤ ማሠልጠኛው ይህን እንደ ስሕተት እንዳያርመው።